የድምፅ ካርዱ ከመወገዱ በፊት ይለካ

አገልግሎታቸው አብቅቷል ተብለው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ተቋሙ መጋዘን የተደረደሩ ኮምፒውተሮች ቀናቸው ሲደርስ በንብረት ማስወገድ ሥርዓት ይወገዳሉ። ጎንደር ላይ ከፊሎቹ ተፈታተው ለመለዋወጫ ፒያሳ ካሉት የጥገና ቤቶች ይደርሳሉ፤ የቀሩት በኪሎ ተመዝነው ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣሉ። የሚወገደው ዕቃ ሲመዘገብ ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱና ሲስተም ዩኒቱ ይጠቀሳሉ፤ በሲስተም ዩኒቱ ውስጥ የተሰካው የድምፅ ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አይነሣም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ስለዚያ ካርድ ነው። በካሴትና በቴፕ የነበረ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠበት ካርድ ከሆነ፣ ሳይለካ መወገድ የለበትም የሚል አቋም አለኝ። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። በእጃችን የቀረው የድምፅ ፋይል በምን ፍጥነት እንደ ተቀዳ የሚመሰክረው ዋነኛ ማስረጃ ካርዱ ስለ ሆነ ነው።

ጎንደርና አካባቢዋ ለድምፅ ጥናት ያላቸውን ቦታ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የቡርባክስ አዝማሪዎች፣ በበአታ ለማርያም የሚታወቀው የአቋቋም ትምህርት፣ የየአድባራቱ የዜማ ይትበሃል ብዙ ተመራማሪ ስበዋል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ምሁር ካይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 በጎንደር አቅራቢያ የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ በቴፕ ቀድተው፣ ጥናታቸውን በ1986 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ የማኅበረሰቡ አብዛኛው አባል ወደ እስራኤል ሄዷል። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ያንኑ ዜማ በዚያው መንደር፣ ከዚያው ጉባኤ እንደገና ልቅረጽ ቢል አይሆንለትም። እንዲህ በሥርዓት ከተያዘው ቅጂ ሌላ ደግሞ በግለሰብ እጅ፣ በደብር ሣጥን፣ በካሴት ቤት መደርደሪያ ላይ የከረመ ብዙ ካሴት ነበረ። ከዚህ ውስጥ የተረፈው መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሲዲ፣ ቀጥሎም ወደ ስልክ ሜሞሪ ተዛውሯል። የካሴቱ ክር ወይ ተጣብቋል፣ ወይ ተበጥሷል፣ ወይ ተጥሏል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሰብስቦ የሚለካው እንግዲህ ፋይሉን ነው።

ቅኝትን በመሣሪያ መለካት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሲንቲያ ኪምበርሊን በመሰንቆና በቅኝት ባሕርይ ላይ የጻፉትን የዶክትሬት ጥናት ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያን ጊዜ ልዩ መሣሪያ ይጠይቅ የነበረው ልኬት ዛሬ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር፣ በማንኛውም ላፕቶፕ ይሠራል። ሶፍትዌሩ የሁለት ድምፆችን ርቀት በሴንት ያወጣል፤ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት፣ የፒያኖ ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት ነው። ውጤቱ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ አስከትሎ ሲመጣ አንባቢ ያምናል፤ አማካሪም ያምናል። ቁጥሩ ግን እውነት የሚሆነው ፋይሉ «በየሴኮንዱ ይህን ያህል ናሙና ተወስዷል» ብሎ በራስጌው የሚናገረው ነገር እውነት ሲሆን ነው።

ስለ አሮጌ የድምፅ ካርድ ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው ክስ ስለ ናሙና ፍጥነት አይደለም። ክሱ ስለ ጫጫታ ነው። የሲንጋፖሩ ክሪዬቲቭ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሳውንድ ብላስተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ባለ8 ቢትና ሞኖ አድርጎ ነበር፤ ሳውንድ ብላስተር ፕሮ በ1991፣ ባለ16 ቢቱ ሳውንድ ብላስተር 16 ደግሞ በ1992 ተከተሉ። ባለ16 ቢት ቅጂ በስሌት ደረጃ በከፍተኛው ድምፅና በጫጫታው መካከል 98 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል። በተግባር ካርዱ ከኮምፒውተሩ ኃይል ሰጪ፣ ከሀርድ ዲስኩና ከሌሎች ካርዶች ጎን ተሰክቶ ስለሚሠራ ከዚህ በብዙ ይወርዳል። ቢሆንም በእነዚህ ካርዶች ይቀዳ የነበረው ምን እንደ ሆነ መርሳት አይገባም። ጫጫታ መቀነሻ ሳይኖረው የተቀዳ ተራ ካሴት ራሱ ከ50 ዴሲቤል ብዙም የራቀ ስፋት የለውም። ገበያ ላይ ሲዟዟር የኖረ፣ ሦስትና አራት ጊዜ የተባዛ ካሴት ከሆነም ከዚያ በታች ነው። በፋይሉ ላይ የምንሰማው ሽሽታ እንግዲህ በአመዛኙ የካሴቱ ነው። ባለ8 ቢቱን ካርድ ግን እንዲህ በቀላሉ ነፃ ማውጣት አይቻልም፤ የእርሱ ስፋት በስሌትም 50 ዴሲቤል ብቻ ስለ ሆነ ዝግ ብሎ የሚዜመውን ክፍል ከካሴቱ ጫጫታ ጋር የራሱን አክሎበታል።

ሁለተኛው ክስ ከሙዚቃ ባለሙያዎች ዘንድ ይሰማል፤ «የኮምፒውተር ካርድ የእኛን ቅኝት አያውቅም» የሚል ነው። ይህም ካርዱን ያለ ጥፋቱ የሚወቅስ ነው። በቀደሙት ሳውንድ ብላስተሮች ላይ ሙዚቃ ያመነጭ የነበረው የያማሃ ቺፕ የሚሠራው ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ዘዴ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ካሴት ሲቀርፅ ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጫወተበት ያማሃ ዲኤክስ 7 የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ነበር። የካርዱ ቺፕ ታናሽና ድኻ ቢሆንም የድምፁን ከፍታ የሚቀበለው በኖታ ስም አይደለም፤ በቁጥር ነው። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው ርምጃ ከ2 እስከ 3 ሴንት ገደማ ስለ ሆነ ትዝታንም ባቲንም አንቺሆዬንም አዝማሪው እንዳስቀመጣቸው ለማስቀመጥ በቂ ነው። ቅኝቱን ወደ ፒያኖ ቁልፎች ያጣበበው ከላይ የተጫነው ሶፍትዌር የያዘው የኖታ ሰንጠረዥ ነው። ይህን ያነሣሁት ካርዱን ለማወደስ አይደለም፤ ወሬው በሚጠቁመው ቦታ ጥፋት ሳይገኝ፣ ማንም በማይጠረጥርበት ቦታ ግን ስለሚገኝ ነው።

ያ ቦታ የናሙና ፍጥነት ነው። ሳውንድ ብላስተር 16 ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ካርዶች «በሴኮንድ 22,050 ናሙና ውሰድ» የሚል ትእዛዝ አይገባቸውም ነበር። የሚገባቸው በአንድ ናሙናና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ በማይክሮሴኮንድ ተሰልቶ፣ ክፍልፋይ በሌለው ሙሉ ቁጥር ሲነገራቸው ነው። ለ22,050 የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ 45.35 ማይክሮሴኮንድ ነው። ካርዱ 45.35 የሚባል ነገር ስለማያውቅ ወይ 45 ወይ 46 መምረጥ ግድ ይላል። ፕሮግራሙ 45ን ከመረጠ ካርዱ በእውነት የሚወስደው በሴኮንድ 22,222 ናሙና ነው፤ 46ን ከመረጠ 21,739 ነው። የተቀዳው ድምፅ በዌቭ ፋይል ሲቀመጥ ራስጌው ላይ የሚጻፈው ግን በሁለቱም ጊዜ የታዘዘው 22,050 ሊሆን ይችላል። ሳውንድ ብላስተር ፕሮ ላይ ነገሩ አንድ ደረጃ ይወሳሰባል። በስቴሪዮ ሲቀዳ ያው ጊዜ ለግራና ለቀኝ ስለሚካፈል ወደ ቅርቡ ቁጥር የሚያጠጋጋ ፕሮግራም በሞኖ 22,222፣ በስቴሪዮ 21,739 ላይ ያርፋል። አንድ ካርድ፣ አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ካሴት ይዞ በመቀጠል «ሞኖ» የሚለውን ምልክት ብቻ መለወጥ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያለው ፋይል ያስገኛል ማለት ነው።

ይህ በሴንት ሲሰላ ምን ያህል ነው? በ22,222 ተቀድቶ በ22,050 የሚጫወት ፋይል ከእውነተኛው ድምፅ 13.5 ሴንት ዝቅ ይላል። በ21,739 የተቀዳው 24.6 ሴንት ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 38 ሴንት፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ ሲሶ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን ከካርዱ ያገኛል። የተቀዳው ፋይል በዚያው ካርድ፣ በዚያው ፕሮግራም ተመልሶ ሲጫወት ያው 45 ማይክሮሴኮንድ እንደገና ሥራ ላይ ስለሚውል ስሕተቱ ራሱን ይሰርዛል። ቀጂው ካሴቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አስደምጦ ቢያነጻጽር ልዩነት አይሰማም። ስሕተቱ የሚገለጠው ፋይሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካሴቱም ካርዱም የሉም።

እዚህ ላይ ነገሩን ከልኩ በላይ ማጋነን አይገባም። የናሙና ፍጥነት ሲዛባ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። አንድ ተማሪ በአንድ ፋይል ውስጥ የባቲን ርቀቶች ከለካ በካርዱ ምክንያት ልኬቱ አይበላሽበትም። የአቋቋሙን መረግድና ጽፋት የፍጥነት ልዩነት ለሚያጠናም ከመቶ አንድ ተኩል የማይሞላ መዛባት ብዙ አያሳስብም። የሚጎዳው ፋይልን ከፋይል የሚያነጻጽር ጥናት ነው። «የቀድሞ ዘመን አዝማሪዎች መሰንቋቸውን ከዛሬዎቹ ዝቅ አድርገው ይቃኙ ነበር»፣ «የአንዱ ደብር መሪጌታ ከሌላው ከፍ አድርገው ያነሣሉ»፣ «አንድ ዘፋኝ በሃያ ዓመት ውስጥ ድምፁ ይህን ያህል ወርዷል» የሚሉ ድምዳሜዎች ሁሉ በፍጹም ከፍታ ላይ የቆሙ ናቸው። የ20 ወይም የ30 ሴንት ልዩነት አግኝቶ ታሪካዊ ትርጉም የሚሰጥ ጥናት፣ ፋይሎቹ በየትኛው ካርድ እንደ ተቀዱ ሳይናገር ሲቀርብ ግኝቱ የአዝማሪዎቹ ይሁን የካርዶቹ መለየት አይቻልም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት መመለስ አለበት።

ጠንካራው ተቃውሞ ከወዲያ በኩል ይመጣል። የካሴት ማጫወቻ ፍጥነት በመቶ አንድ ቢዛባ ብቻ 17 ሴንት ነው፤ በገጠር በባትሪ የተቀዳ ቴፕ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ከዚህም በላይ ይዛባል። ዋናው ስሕተት ከቴፑ ከሆነ ካርዱን ማሳደድ ምን ይፈይዳል? ተቃውሞው እውነት አለበት፤ መደምደሚያው ግን ስንፍናን ያበረታታል። የቴፑ ስሕተት ከካሴት ካሴት፣ ከደቂቃ ደቂቃ ይለያያል፤ ብዙ ቅጂ ሲሰበሰብ በከፊል እርስ በርሱ ይጣፋል። የካርዱ ስሕተት ግን በአንድ ማሽን በተቀዱ ፋይሎች ሁሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ይደገማል። ሺህ ፋይል ቢሰበሰብ አይጣፋም፤ ይልቁንም እንደ ግኝት መስሎ ይጎላል። ደግሞም ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱ ብቻ በትክክል ሊታወቅና ሊታረም የሚችል ነው፤ እርሱም የካርዱ ነው።

የቴፑን ስሕተት ለማረም አጥኚዎች የሚጠቀሙበት አንድ ብልሃት ደግሞ ከካርዱ ጋር ተያይዞ አደገኛ ይሆናል። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ በመብራት ኃይል የተቀዳ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የ50 ኸርዝ እምታ ይዞ ይገኛል። እምታው በፋይሉ ላይ 51 ኸርዝ ሆኖ ከተገኘ ቴፑ በመቶ ሁለት ፈጥኗል ተብሎ ይታረማል። ነገር ግን እምታው መቼ ገባ? ካሴቱ ሲቀረፅ የገባ እምታ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ በካርዱና በማጫወቻው ሽቦ የገባ ሌላ እምታ አለ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ ቴፑን የሚያርም አጥኚ ያልተዛባውን ያዛባል። በአንጻሩ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ አጥኚ ከሁለተኛው እምታ የካርዱን ፍጥነት ሊገምት ይችላል፤ በ22,222 የተቀዳ ፋይል ላይ የካርዱ እምታ 49.6 ኸርዝ አካባቢ፣ በ21,739 የተቀዳ ላይ 50.7 አካባቢ ይታያል። የኃይል መሥመሩ ራሱ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ በጄኔሬተር የተሠራ ከሆነም ይበልጥ ስለሚወዛወዝ፣ ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ፍንጭ መሆኑ ግን አንድ ነገር ለመከልከል ይበቃል። ቅጂውን «ለማጽዳት» ተብሎ ጫጫታና እምታ በሶፍትዌር የሚወገድበት ልማድ፣ ያልጸዳው ፋይል ተለይቶ ካልተቀመጠ በስተቀር፣ ማስረጃን ማጥፋት ነው።

የፋይል ዓይነትም ልብ ይባል። ክሪዬቲቭ ለካርዶቹ ባዘጋጀው ቮክ በተባለው የፋይል ዓይነት ራስጌው የሚይዘው የታዘዘውን ፍጥነት አይደለም፤ ለካርዱ በእርግጥ የተሰጠውን ያንን የጊዜ ቁጥር ነው። ስለዚህ የቮክ ፋይል እውነቱን ይዞ ይኖራል። ዛሬ ብዙ ፕሮግራም አይከፍተውም ተብሎ ወደ ዌቭ ወይም ወደ ኤምፒ3 ተለውጦ ዋናው ሲደመሰስ፣ እውነቱም አብሮ ሊደመሰስ ይችላል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ማንኛውንም ድምፅ በውስጡ ወደ 48,000 ይለውጥ ነበር። የካርዱ ለውጥ በራሱ ከፍታውን አያዛባም፤ የ48,000 ፋይል በስሕተት በ44,100 ራስጌ ከተቀመጠ ግን ድምፁ 147 ሴንት፣ ማለትም ከአንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ትንሽ ያነሰ፣ ይወርዳል፤ ፍጥነቱም በመቶ ስምንት ይቀንሳል። ይህን የሠለጠነ ጆሮ ስለሚይዘው አደጋው ከቀዳሚው ያነሰ ነው።

የዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ቢያንስ 24 ቢትና 48,000 ናሙና እንዲሆን ያሳስባል፤ በኮምፒውተር ውስጥ በሚሰካ ካርድ ሳይሆን ከውጭ በሚቆም መቀየሪያ መቅዳትንም ይመርጣል። ትክክል ነው፤ ዛሬ ካሴት በእጁ ያለ ተቋም ይህን ይከተል። ካሴቱ የሌለው ግን መመሪያውን ሊከተል አይችልም፤ ያለው ምርጫ የነበረውን ካርድ መመርመር ብቻ ነው።

ያረጀ ካርድ ዛሬ ቢለካ የያኔውን ይናገራል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ እንደሚለካው ነገር ይለያያል። በካርዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ እንዴት እንደሚያስተላልፍና ምን ያህል ጫጫታ እንዳለው ዛሬ የሚገኘው ልኬት ስለ ዛሬው ካርድ ብቻ ይመሰክራል። የናሙናውን ጊዜ የሚወስነው ግን የክሪስታል ንዝረትና የዲጂታል ቆጠራ ነው። ቆጠራው አያረጅም፤ ክሪስታሉ በዕድሜ ቢንቀሳቀስም ከሚሊዮን በጥቂት አሥሮች ነው። ከሚሊዮን 100 ቢሆን እንኳ 0.17 ሴንት ብቻ ነው። ከተግባር አኳያ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በጣም የምንፈልገው ልኬት ዕድሜ ያልነካው ነው።

ለልኬቱ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በዛሬ ላፕቶፕ በትክክል 600 ሴኮንድ የሚራራቁ ሁለት አጫጭር ምት ያለበት ፋይል ይዘጋጅና ከስልክ ወደ አሮጌው ካርድ መግቢያ ይጫወት፤ አሮጌው ኮምፒውተር በዚያው ድሮ ይቀዳበት በነበረው ፕሮግራም ይቅዳው። የተቀዳው ወደ ላፕቶፑ ተመልሶ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲታይ 600 ሴኮንድ ከሆነ ካርዱ ንጹሕ ነው። 604.7 ከሆነ በ22,222 እየቀዳ ነበር፤ 591.5 ከሆነ በ21,739። ሌላ ቁጥርም ሊወጣ ይችላል፤ በገበያው ላይ «ከሳውንድ ብላስተር ጋር ተስማሚ» የተባሉ የሌሎች ኩባንያዎች ካርዶች ብዙ ስለ ነበሩ፣ የጊዜ አቆጣጠራቸውም የየራሳቸው ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይ ያለውን ስሌት እንደ ሰንጠረዥ ተጠቅሞ ልኬቱን መተው አይቻልም። ሳውንድ ብላስተር 16 ፍጥነቱን በቀጥታ በኸርዝ ቢቀበልም ለቀደሙት ካርዶች በተጻፈ ፕሮግራም ሲታዘዝ እንደ ቀደሙት ይሠራል፤ ስለዚህ የካርዱን ስም አንብቦ ነፃ ማውጣትም አይበቃም። ሙከራው በሞኖና በስቴሪዮ፣ በተለመዱት ፍጥነቶች ሁሉ ይደገም።

አስቸጋሪው ክፍል ማሽኑን ማስነሣቱ ነው። እነዚህ ካርዶች የሚሰኩበት አይሳ የተባለው ማስገቢያ ከዛሬዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጃምፐሩን አስተካክሎ ካርዱን ከድራይቨሩ ጋር የሚያስማማ ሰውም ከተማሪዎቻችን መካከል ማግኘት ይከብዳል። ይህ ዕውቀት ያለው ፒያሳ ነው። ዘመኑን በእጃቸው ያሳለፉ የጥገና ባለሙያዎች ካርዱን በቺፑ ቁጥር ይለያሉ፤ ያበጠ ካፓሲተር ያለበት ኃይል ሰጪ ሳይፈተሽ መብራት ላይ መሰካት እንደሌለበት ያውቃሉ። ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ሰዎች የባለሙያ አበል መድቦ ለጥቂት ቀናት ቢያስመጣቸው አግባብ ነው። በጥናቱም ላይ ስማቸው እንደ ቴክኒክ ረዳት ሊሰፍር ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል ግን መጠበቅ አለበት። የፕሮግራሙ ምርጫ ውጤቱን ስለሚወስን ካርዱን ነቅሎ በፖስታ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ የሚያዘው ማሽኑ ከነሀርድ ዲስኩ ነው። መጀመሪያ ሀርድ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ፤ በውስጡ ከቀጂው ፕሮግራም ሌላ የተረሱ የቮክ ፋይሎች ሊገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ ካርዱ በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የቺፖቹና የክሪስታሉ ቁጥር ይመዝገብ። ከዚያ ኃይል ሰጪው ይፈተሽና ማሽኑ ይነሣ፤ የ600 ሴኮንዱ ሙከራ ይሠራ። ውጤቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ አንዱ ቅጂ ድምፁ ከሚገኝበት ፋይል ጋር፣ ሌላው ከንብረት ማስወገጃው ቅጽ ጋር ይያያዝ። ኮሚቴው ማሽኑን ለማስወገድ ከዚያ በኋላ ቢፈርም ተቃውሞ የለኝም።